የተፋቀው መስመር

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ወንድምህ ያሰረውን ሳትጠይቀው አትፍታ» ማለት ያዘወትር ነበር። ከብት ይሁን ነዶ፣ ሰው ያለ ነገር አያስርም ለማለት ነው። እኔ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም፤ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ የማላውቀው ወጣት ስለጠየቀኝ ነገር ነው።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ተበትኗል። ወጣቱ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ትርሲት የምትባል የሥራ ባልደረባ አለችኝ። አንዱን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሑፍ በየራሳችን ማሽን ይዘን ስናርም፣ ሳንነጋገር ሁለታችንም አንድ መስመር ነካን። አሁን ማሽኑ የሁለታችንን ሥራ አንድ ላድርግ ብሎ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። የእኔን ከላይ፣ የእሷን ከታች አድርጎ የትኛው ይሁን ይለኛል። የእኔን አስቀርቼ የእሷን ባጠፋ ኃጢአት ነው?»

«ኃጢአቱን ለንስሐ አባትህ ንገር፤ እኔ በር ነው የምጠብቀው» አልኩት። ሳቀ። «ለመሆኑ ጽሑፉ ምን ያደርጋል?»

«ለኩላሊት ሕሙማን የእጥበት ቀጠሮ ያወጣል። ዛሬ ማስረከብ አለብኝ።»

ይህን ስሰማ ቀልዱን ተውኩት። እንዲህም አልኩት።

አንድ መድኃኒት ዐዋቂ ሰው ነበረ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። እግሩ ሲደክም የመድኃኒት መጽሐፉን በሁለት ብራና አስገልብጦ፣ ታላቁን ወደ ደጋ ታናሹን ወደ ቆላ ሰደዳቸው። «እኔ ያላየሁትን ስታዩ መጽሐፋችሁ ላይ አርሙ። በየዓመቱ ለፋሲካ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ እናደርገዋለን» አላቸው።

በፋሲካ ማግስት ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ይዘረጋል። አንዱ ያረመውን ሌላው ካልነካው ዝም ብሎ ይወስደዋል። ሁለቱም አንድ መስመር የነኩ እንደሆነ ግን ብዕሩን ያስቀምጥና፣ «አንተ ምን አይተህ ነው? አንተስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን ሰምቶ መስመሩን እንደገና ይጽፈዋል። አንዳንዴ የአንዱ ይቀራል፣ አንዳንዴ የሁለቱም ይገባል፣ አንዳንዴም ሁለቱም ያላሰቡት ይሆናል።

አባት ሞተ። በአርባው ላይ ወንድማማቾቹ በአባታችን ወንበር ማን ይቀመጥ ተባብለው ተቀያየሙ። ታናሹ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወደ ቆላ ወረደ። ታላቁ ብቻውን ተቀምጦ ሁለቱን አንድ ያደርግ ጀመር። የኮሶ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። አባትየው «ኮሶ ለጠየቀ ሁሉ አንድ እፍኝ ይሰጥ» ብሎ ነበር። ታላቁ፣ የደጋው ሰው ትሉ አልወጣ እያለው፣ «ሁለት እፍኝ» ብሎ አርሞታል። ታናሹ ደግሞ እዚያው መስመር ላይ፣ «አንድ እፍኝ፤ ለሙሽራ ግን ፈጽሞ አይሰጥ» ብሎ ጽፏል።

ታላቁ ሚስቱን ጠርቶ አነበበላት። «ሙሽራ ሆድ የላትም እንዴ? ይኼ ልጅ ሳያገባ ስለ ሙሽራ ማስተማር ጀመረ» አለ።

«ሰው ልከህ ብትጠይቀው ምናለ» አለችው።

«እሱ መጥቶ ይጠይቀኝ እንጂ» አለና የወንድሙን መስመር በካራ ፋቀው።

ጥር ላይ ሴት ልጁን ዳረ። ሚያዝያ ላይ ልጅቱ የኮሶ ትል ይዟት አባቷ ቤት መጣች። መጽሐፉን ገልጦ አነበበ፤ ሁለት እፍኝ አስፈጭቶ አጠጣት። ልጅቱ የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ለአባቷ መናገር አፍራለች። ደሟ አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች።

ታናሹ ለቅሶ ደረሰ። ከቀብር ሲመለሱ ያን ጊዜ ጥሎት የሄደውን መጽሐፉን አንስቶ ገለጠው። የእሱ መስመር የነበረበት ቦታ ሻካራ ሆኖ አገኘው። በጣቱ ዳሰሰው።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ያንን የጻፍኩት ቆላ ላይ አንዲት ሙሽራ በእጄ ሞታብኝ ነው» አለ።

«ምክንያቱን ለምን አልጻፍክም?»

«አፈርኩ። ብትጠይቀኝ ግን እነግርህ ነበር።»

 የታላቁ ሚስት ከዚያ ቀን ወዲያ ባሏ ያንን መጽሐፍ በገለጠ ቁጥር ተነስታ ትወጣለች።

ይህን ጨርሼ ወደ ወጣቱ ዞርኩ። «ልጄ፣ ማሽንህ እንደዚያ አባት ነው፤ ሁለት ሰው የነካው መስመር ላይ ሲደርስ ቆሟል። እግዚአብሔር ይስጠው። ግን መቆም እንጂ መጠየቅ አይችልም። ትርሲት ምን አይታ እንደጻፈች እሱ አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። ካራው ደግሞ ያለው በአንተ እጅ ነው። ቀጠሮ የሚወጣለት በሽተኛ እንደዚያች ሙሽራ የሰጡትን ይቀበላል እንጂ ምን እንደተፋቀ አያይም። የእሷ ትክክል ነው አላልኩህም፤ ያንተ ሊሆን ይችላል። ብቻ ምን አይተሽ ነው በላት፣ ያየኸውንም ንገራት። ከዚያ መስመሩን አብራችሁ ጻፉት።»

ወጣቱ ኮምፒውተሩን ዘጋ።  እኔም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት። ሊሄድ ከተነሳ በኋላ፣ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ ትርሲት እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ደውላልኛለች። ያላነሳሁት እኔ ነኝ።»