የስለቱ ሰፌድ

ሰው በጥቂት ነገር ተናዶ የሚጠቅመውን ሊያጠፋ ሲነሣ ሽማግሌ ጣልቃ ገብቶ የሚናገራት አንዲት አባባል አለች። ሁላችንም ሰምተናታል፤ ከማን ግቢ እንደወጣች ግን የሚጠይቅ የለም። የወጣችው ከባይለየኝ ግቢ ነው።

ባይለየኝና ሚስቱ እንጉዳይ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥተው ኖሩ። በመጨረሻ ባይለየኝ «ልጅ ከሰጠኸኝ፣ ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ወፎችህን አበላለሁ» ብሎ ለፈጣሪው ተሳለ፤ ስለናት የተባለች ልጅ ተወለደች። ከዚያ ወዲያ ከግቢው ዋንዛ ላይ ሰፌድ በጠፍር አንጠልጥሎ፣ በየማለዳው እፍኝ ማሽላ እየጨመረ ቁጭ ብሎ ያይ ጀመር። ዋኖሱም፣ ድንቢጡም፣ ስሙን የማያውቀው ሰማያዊ ወፍም ይወርዳሉ። ዕድሜውን ሙሉ ከማሳው በወንጭፍ ሲያባርራቸው የኖረ ሰው፣ እንዲህ ማማራቸውን ያየው ገና ያኔ ነው። አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ችግሩ ሽኮኮዋ ነበረች። በጠፍሩ ተንሸራታ ትወርድና ጉንጯን ሞልታ ትሄዳለች። ጠፍሩን ሞራ ቀባው፤ ሞራውን እየላሰች ወረደች። እሾህ አሰረበት፤ ከላይ ዘላ ሰፌዱ መሀል ዱብ አለች።

«ስለቴን እየበላችብኝ ነው» አላቸው ጎረቤቱን እማሆይ ደጊቱን። «የተሳልኩት ለወፍ ነው። ቢጎድል በልጄ ይመጣብኛል።»

«እሷንስ ማን ፈጠራት? ተዋት ልጄ» አሉት።

አልተዋትም። አንድ ማለዳ ከሰፌዱ ሥር የወደቀውን ጥሬ ስትለቅም ቅርጫት ደፍቶ ያዛት፤ ድንጋይ ጫነበትና ዱላውን ይዞ መጣ። እንጉዳይ ሕፃኗን ቅቤ ቀብታ፣ ፀሐይ እንድትሞቅ ከድንጋዩ ካብ ሥር ቁርበት ላይ አስተኝታ፣ ራቅ ብላ ልብስ ታሰጣለች። እማሆይ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያያሉ።

ዱላውን ሲያነሣ ሽኮኮዋ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም።

«ሞቷን አወቀች» አለ። እሷ ግን እሱን አላየችውም፤ በቅርጫቱ ቀዳዳ አሻግራ ወደ ካቡ ነበር የምታየው። ሰፌዱ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ከዚያ ግር ብለው ተነሥተው ወደ ካቡ ወረዱ።

ባይለየኝ ዞረ። ከካቡ የወጣ እባብ ከስለናት እግር አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ራሱን ቀና አድርጓል። ወፎቹ እየተወረወሩ ዐይን ዐይኑን ይሉታል፤ ሰማያዊው ሳይቀር። እባቡ በእነሱ ሲዋከብ ባይለየኝ ደረሰ፤ ለሽኮኮዋ የተነሣው ዱላ እባቡ ላይ አረፈ።

እንጉዳይ ሮጣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ስለናት ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወፎቹን እያየች ትስቃለች። ባይለየኝ ባዶው ቁርበት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲነሣ ድንጋዩን አወረደና ቅርጫቱን ገለበጠው። ሽኮኮዋም ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ዋንዛው ላይ ወጥታ ሰፌዱ ውስጥ ገባች፤ ቁርሷን ቀጠለች።

«እማሆይ፣ ምን ጉድ ነው ያየሁት?» አለ ባይለየኝ።

እማሆይ ደጊቱ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ሰፌዱን ትክ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ እፍኝ ጥሬ እንዳይጎድል፣ ዘበኛህን አትግደል» አሉት።