አሥራ አንድ ጊዜ የተነሣ ድንጋይ

አንድ ጦር ወርዋሪ ነበር፤ ዋሴ ይባላል። በአገሩ ክንዱን የሚስተካከል አልነበረም። ሌላው ሰው ጦሩ ስልሳ እርምጃ ከሄደለት ጎሽ ይባላል፤ የዋሴ ጦር ግን ከዘጠና ወዲህ አርፎ አያውቅም። ይህ ክንድ ከሰማይ የወረደለት አይደለም። አያ ንጋቱ የሚባሉ ሽማግሌ ሰባት ዓመት ሙሉ አስተምረውታል። ከመወርወሩ በፊት አንድ ከባድ ድንጋይ ሦስት ጊዜ ከትከሻው በላይ ያነሣል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይወረውራል። አያ ንጋቱ ይህን ማሟሟቂያ ይሉታል።

«ክንድ ማለት ብረት ነው» ይሉት ነበር። «ሳይሞቅ ብትመታው ይሰነጠቃል፤ እሳት ሲበዛበትም ይበላሻል። ሦስት ይበቃሃል።» ዋሴም ከሦስት አልፎ አያውቅም ነበር። በሚለማመዱበት ሜዳ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው ስለማይኖር፣ ማለፍም አያምረውም።

የዋሴ መንደርና ከጋራው ማዶ ያለው መንደር በአንዲት ምንጭ የተነሣ ይጣሉ ነበር። ለሁለቱ አትበቃም። ነገሩ ከቃል ወደ ዱላ፣ ከዱላ ወደ ደም ሊሻገር ሲል የአገሩ ገዢ መሃል ገባና በአባቶች ሥርዓት ፈረደ። በዚያ አገር ድንበር የሚለየው በጦር ነው። ይገባኛል ብሎ የከሰሰው መንደር አንድ ሰው ያቆማል፤ ሰውየው ከመንደሩ ዋርካ ሥር ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ይወረውራል፤ ጦሩ የተተከለበት ቦታ የመንደሩ ዳር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላው ነው። በጦር የተካለለ በቃል አይፈርስም ይላሉ፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

ከሳሹ የዋሴ መንደር ነበር፤ ምንጯም ከዋርካው ሰማንያ እርምጃ ላይ ነበረች። ለዋሴ ሰማንያ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ መንደሩ ምንጯን የራሱ አድርጎ ቆጠራት፤ ድግስ ይጠነሰስ የሚልም አልጠፋ። ዝም ያለችው የዋሴ ሚስት እማዋይሽ ብቻ ነበረች። እርጉዝ ናት። ምንጯ ከታጣች ውሃ የሚገኘው ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ ነው፤ ያንን ገደል እንስራ አዝሎ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የወጣ ብቻ ነው።

«አደራህን» አለችው በውርወራው ቀን ማለዳ። «እንደ ወትሮህ አድርግ፤ ሌላ ምንም አትጨምር።»

«ዓይኔን ጨፍኜ እወረውራታለሁ» አላት።

ሁለቱም መንደር ነቅሎ ወጣ። የዋሴ ሰዎች አሟሟቂ ሳይቀር አዘጋጅተዋል፤ ጎረምሶቹ ያጨበጭባሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አንዱ ደግሞ የዋሴን አባትና አያት እየጠራ ይፎክራል። ዋሴ ድንጋዩን አነሣ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ድንጋዩን አስቀምጦ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ጎረምሶቹ «አራት! አራት!» አሉ። ዋሴ በሕይወቱ እንዲህ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ደስ አለው፤ ሰው ነውና ደስ ይለዋል። አራተኛውን አነሣ።

«ዋሴ፣ በቃ ቁጭ በል» አሉ አያ ንጋቱ ከዳር ሆነው። ማን ይስማቸው?

ከጋራው ማዶ ከመጡት መካከል አንድ ጮሌ ሽማግሌ ተነሣና፣ ረጋ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ «ደህና ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ግን አሥር የሚያነሣ አይተናል» አለ። ይህን ብሎ ተቀመጠ። ከዚህ በላይ ምንም ማድረግ አላስፈለገውም።

ዋሴ አሥራ አንድ ጊዜ አነሣ። መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ሲብረከረክ ሰዉ የፉከራ እንቅጥቅጥ መሰለውና እልልታውን አቀለጠው። ሞቅታው እንዳይበርድበት ብሎም ሳያርፍ ጦሩን አነሣና ተንደርድሮ ወረወረ። ጦሩ ከእጁ ሲወጣ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። ጦሩ አምሳ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ተተከለ። የገዢው ሰው ሄዶ እዚያው ላይ ችካል መታ፤ ምንጯም ከችካሉ ወዲያ ቀረች።

ቀድሞ የሰደበው ቀድሞ ሲያጨበጭብ የነበረው ነው። ዋሴ ክንዱን ታቅፎ አያ ንጋቱ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ነፋሱ ነው» አለ።

«ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።»

«አሟሙቅ ያሉኝስ እርስዎ አይደሉም?»

ሽማግሌው እንባቸው መጣ። «ክንድህን አሟሙቅ አልኩህ እንጂ፣ ልጄ፣ ሰዉን አሟሙቅ አልኩህ?»



ይብላኝ ለእማዋይሽ። ወንዝ መውረድ ከጀመረች ሁለት ወር አልሞላትም፤ እንስራ እንዳዘለች ገደሉ ላይ አዳለጣት። እሷ ተረፈች፤ ፅንሱ አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ ዋሴ ውሃውን እኔ ልቅዳ ብሎ ተነሣ፤ ነገር ግን ያ ዘጠና እርምጃ ይወረውር የነበረው ክንድ እንስራ ከመሬት ማንሣት አቃተው። እማዋይሽ አልወቀሰችውም። እንስራዋን ከእጁ ተቀብላ ወረደች፤ እሱም ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ እስክትመለስ ይጠብቃት ነበር። በየቀኑ እንዲያ ነበር።

ወገኖቼ፣ ዝግጅት ለሥራው ነው። ለታይታ የዋለ ቀን ዋጋው የሚከፈለው ከሥራው ጉልበት ላይ ተቀንሶ ነው፤ ያጨበጨበልን ሰው ደግሞ እንስራችንን አያዝልልንም። ጠላት ሁልጊዜ በመጥለፍ አይጥልም፤ አንዳንዴ ጥቂት ሲያሞግስ በቂ ነው፤ ቀሪውን እኛው ራሳችን እንጨርሰዋለን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ክፋቱ ግን የአንዱ መከራ የሚመክረው ምንም ያላጠፋውን ጭምር መሆኑ ነው።

እናንተስ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ከዳር ሆኖ «በቃ፣ ቁጭ በል» የሚላችሁ ሰው አላችሁ? ካለስ፣ ድምፁ ይሰማችኋል?