ስድስቱ የእሳት ዘንዶዎች

ምላሷ እንደ መቀሷ የተሳለ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች። ጭራቆች በሚፋለሙበት ጌም ከተማዋን ወክላ ለዞን ውድድር ለመሰለፍ ክረምቱን ሙሉ ስትለማመድ ከርማ ተመረጠች። እንግዲህ በዚህ ጌም አንድ ቡድን ስድስት ጭራቅ ይይዛል። እሳቱ ሣሩን ያቃጥላል፣ ሣሩ ውሃውን ይመጥጠዋል፣ ውሃው ደግሞ እሳቱን ያጠፋል፤ ስለዚህ አዋቂ ሰው ቡድኑን የሚሠራው ቀላቅሎ ነው።

የከተማው የስፖርት ኃላፊ አቶ መንክር ግን ጌም ቤት ድረስ መጥተው ስድስት የእሳት ዘንዶ በራሳቸው እጅ መረጡና "በእነዚህ ትጫወቻለሽ!" አሏት።

ፀጉር ሠሪዋ ፈገግ አለች።

"ምን ያስቅሻል? እስቲ ከስድስቱ ደካማውን አሳዪኝ! ካጣሽ ቦታሽን ለሌላ ትለቂያለሽ።"

ስክሪኑን አየች። ሰውዬው እውነታቸውን ነው፤ ስድስቱም የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሱ ናቸው። አንዱን ደካማ ብትል ውሸት ነው፤ የለም ብትል የክረምት ልፋቷ ገደል ገባ።

"ጌታዬ፣ አንድም ደካማ የለባቸውም" አለች። "ችግራቸው እንደ እርስዎ ኮሚቴ መሆናቸው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የሚቃወም የለም። አንድ የውሃ ጭራቅ ብቅ ያለ እንደሆነ ስድስቱም በሙሉ ድምፅ ይጠፋሉ።"

ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ መንክር ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው አራቱን ዘንዶ ከቡድኑ አወጡና፣

"በይ እሺ፣ የሚቃወሙኝን ራስሽ ምረጪ" አሏት።