ኮርቻ ሠሪውና የቀትር እንቅልፉ

አንድ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ለባላምባራስ ይርዳው ብዙ ዓመት በሎሌነት ካገለገለ በኋላ ተሰናብቶ ለራሱ መሥራት ጀመረ። ነጻ ወጣሁ ብሎ ደስ ቢለውም፣ ከጎህ እስከ ማታ ከቆዳና ከወስፌ ጋር ሲታገል ልጆቹ መልኩን ሊረሱት ደረሱ። ሚስቱ፣ «ከጌታ ቤት ወጣህ እንጂ ከሎሌነት መች ወጣህ?» አለችው። ነገሩ ቆረቆረው። ከዚያ ወዲህ ቀትር ሲሆን ሥራውን አስቀምጦ ከልጆቹ ጋር ምሳውን ይበላና ደጃፉ ላይ ቁርበት አንጥፎ ጋደም ይላል።

አንድ ቀን ባላምባራስ አሽከሮቻቸውን አስከትለው በበቅሎ ሲያልፉ ሲያንኮራፋ አገኙት። ጥሏቸው መሄዱ ሲያናድዳቸው ይኖር ነበርና በቅሏቸውን ገቱ።

«ተነሣ! በጠራራ ፀሐይ እንድትተኛ ማን ፈቀደልህ?»

«ጌታዬ ነዋ» አለ ዓይኑን እያሸ።

«ጌታህ ደግሞ ማነው?»

«እኔው ነኝ።»

«ሎሌውስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ባላምባራስ ወጥመዳቸው ስለያዘላቸው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው በአገራችን ደንብ ቀን የተኛ ሎሌ ሠላሳ ጅራፍ ይገረፋል። አጋድሙት!»

አሽከሮቹ ጅራፍ ይዘው ቀረቡ። ሰውዬው ሳያንገራግር በደረቱ ተኛ።

«ይግረፉልኝ ባላምባራስ! እኔም መክሬ መክሬ አልሰማ ያለኝ ሎሌ ነው» አለ። «አደራዎን ብቻ፣ ጅራፉ ጌታውን እንዳይነካ። ጌታ መግረፍ ዛሬ ከተለመደ፣ እነዚህ አሽከሮችዎ ነገ ማንን እንደሚያጋድሙ እንጃ!»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ባላምባራስ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያም ጅራፉን ከእጃቸው ተቀብለው በቅሏቸውን ኮልኩለው ሄዱ።