ጣቷን አሻገሩላት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። በሩ ጋ የቆማችሁም ግቡ፣ አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። አረፍ በሉና አንድ ነገር ስሙኝ።

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ከኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ ጋር ነው። ትርሲት ትባላለች። አንድ ቀን የድሮ መምህሯ አስጠሯት። መምህር አበጋዝ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ታሪክ ያስተምራሉ። የተማሪዎቻቸውን ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው እየሰሙ ያርማሉ። ብዙ ዘመን እንዲህ ኖሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ተቃጠለ። አዲስ ተገዛላቸው፤ የሚያነብላቸው ፕሮግራም ግን አዲሱ ላይ ገና አፉን ሲከፍት ይሞታል። ሌላ ፕሮግራም ሞከሩ፤ አማርኛውን ሰባብሮ አስቀረው።

ርዕሰ መምህሩም፣ «እስከ ሰኞ ማረም ካልቻሉ ክፍሉን ለሌላ እንሰጣለን፣ እርስዎ ቢሮ ይቀመጣሉ» አላቸው።

ቢሮ! ዕድሜ ልኩን ጠመኔ አቧራ ውስጥ የኖረን ሰው ቢሮ አስቀምጠው ምን ሊያደርጉት ነው?

ትርሲት ኮምፒዩተሩን ከፍታ አየችው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ውስጥ ትዕዛዝ እየተቀበለ የሚሠራ ፕሮሰሰር አለ። ቤቱን የሚያስተዳድር ደግሞ ከርነል የሚሉት አለ። ያ ፕሮግራም ድሮ የተጻፈ ነውና፣ ድምፅ ለማውጣት የሚሰጠውን ትዕዛዝ አዲሱ ፕሮሰሰር አያውቀውም። የማያውቀው ሲመጣበት ቆሞ ከርነሉን ይጠራል። ከርነሉስ ምን ያደርጋል? «ይሄ የማይታወቅ ነገር ተናገረ» ብሎ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። በቃ።

ፕሮግራሙን ራሱን እንዳታስተካክል፣ የጻፈው ሰው ሞቷል፤ የጻፈበትም አልተገኘም። ስለዚህ ከርነሉን ልታስተምረው ተነሣች። «አትግደለው። ምን እንደፈለገ ተመልከት፤ ፕሮሰሰሩ ያልቻለውን አንተ በእሱ ፈንታ ሥራለት።»

ምሕረት ማለት ይሄ አይደለም ወይ?

ጨርሳ አስነሣችው። የመጀመሪያው ተማሪ ጽሑፍ «መልስ» ብሎ ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ ጥርት አድርጎ «መ» አለ። መምህሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ደግሞ «መ» አለ። «መ፣ መ፣ መ፣ መ…»

«አንቺ ትርሲት» አሉ መምህር አበጋዝ፣ «አንባቢ ነው ያመጣሽልኝ ወይስ ጠቦት? ፋሲካ ደርሶ ከሆነ ንገሪኝ፣ ቢላ ላስል።»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ። እኔ ላለቅስ ነው፣ እርስዎ ይቀልዳሉ።»

የጻፈችውን ደጋግማ አየች። ከርነሉ የታዘዘውን ይሠራል። ድምፁም ልክ ነው። ታዲያ ለምን አንድ ቦታ ይረግጣል?

«በይ ለጊዜው ተይውና አንቺ አንብቢልኝ» አሉና የብሬይል ወረቀት ፊቷ ዘረጉ። ተማሪያቸው ሳለች ጥቂት ፊደል አስቆጥረዋት ነበር። «ዓይንሽን ጨፍኚ። እያየሽ እንዳትሸውጂኝ!»

ጨፈነች። ነጠብጣቡን በጣቷ እየዳበሰች ሁለት ፊደል አነበበች። ሦስተኛዋ ላይ ቀረች።

«ይቺን ረሳኋት፣ ጋሼ።»

«‹ር› ናት።»

«እህ…» ጣቷ ግን እዚያው ነው። ትዳብሳለች፣ መልሳ ትዳብሳለች።

«ነገርኩሽ እኮ፣ ልጄ! ከነገርኩሽ በኋላ እዚያው ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ጣቷን ያዝ አደረጉና ወደሚቀጥለው ፊደል አሻገሩላት።

ትርሲት ዓይኗን ገለጠች። «ጋሼ! አላሻገርኩትም!»

«ማንን?»

«ፕሮግራሙን! ከርነሉ ሥራውን ይሠራለታል፤ ‹ይሄ አልቋል፣ ወደሚቀጥለው ትዕዛዝ እለፍ› ግን አይለውም። እዚያችው ላይ መልሶ ያቆመዋል። እሱም ያችኑ ይጠይቃል፣ ከርነሉም ያችኑ ይሠራለታል፣ እንደገና ይጠይቃል…»

«እስከ ፋሲካ» አሉ መምህሩ።

አንዲት መስመር ጨመረች። ኮምፒዩተሩ «መልስ» አለ፤ ቀጠለ፤ እስከ ታች አነበነበው። መምህር አበጋዝ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና፣ «ይሄ ልጅ ግን አላጠናም» አሉ።

ሰኞ ክፍላቸው ገቡ።

እኛሳ፣ ወገኖቼ? «አላውቅህም» ብለን ከቤት የምናስወጣ አለን፤ ስለዚያ ዛሬ አልናገርም። የምናገረው ስለ ደጎቹ ነው። ይቅር ስላላችሁት ስለ እናንተ። ያ ልጅ ጠጥቶ ያጠፋውን ሸፈናችሁለት፣ ከጎረቤት አስታረቃችሁት፣ ቤት መለሳችሁት። ከባዱን ሠራችሁለት። ታዲያ ራት በቀረበ ቁጥር ለምን ታነሡበታላችሁ? እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያን ጊዜ እኮ…» የምትሉት ለምንድን ነው?

አንተ ሚስትህን ይቅር ያልክ፣ ጣቷን እዚያችው ነጥብ ላይ ይዘህባታል። እሷ በየቀኑ ይቅርታ ትጠይቅሃለች፣ አንተ በየቀኑ ይቅር ትላታለህ፤ ሁለታችሁም ከመጀመሪያዋ ፊደል አላለፋችሁም።

ደግሞ አንዳንዶቻችሁን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር የተወላችሁን ነገር ይዛችሁ ዛሬም ታለቅሳላችሁ። ሠርቶላችኋል እኮ፣ ልጆቼ። እዚያው ምን ታደርጋላችሁ?

ማታ ቤት ስትገቡ ያ ሰው ፊታችሁ ይቀመጣል። ያቺ የድሮ ነገርም ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ትመጣለች። ያን ጊዜ ቀስ ብላችሁ፣ ሳታሳምሙት፣ ጣቱን ወደሚቀጥለው ፊደል አሻግሩለት። ሌላውን ብትረሱት አልቀየማችሁም፤ የመምህር አበጋዝን እጅ ብቻ አስታውሱልኝ።