የዶን ኤቫሪስቶ ድልድይ

በመካከለኛው አሜሪካ፣ በአንዲት ትንሽ አገር፣ ዶን ኤቫሪስቶ የሚባል የሲሚንቶ ነጋዴ ነበር። አመድ እየደባለቀ በሸጠው ሲሚንቶ በከተማው ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ። በትርፉ ምርጫ ተወዳደረና ሚኒስትር ሆኖ ድልድዩን ራሱ መረቀው። በመጀመሪያው ክረምት ድልድዩ ወድቆ ሕዝቡ ሲያጉረመርም ደግሞ አምባሳደር ተብሎ ውጭ አገር ተላከ፤ እዚያም ለወደቀው ድልድይ እርዳታ ይለምን ጀመር።

አንድ ቀን ለጋሾቹን አስከትሎ መጣ። ድልድይ የለምና ሁሉም በአንዲት ባልቴት ጀልባ ተሳፈሩ። የሴትዮዋን ምላስ ስለሚያውቅ ገና ሲገባ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አንዲት ክፉ ቃል ከአፍሽ ብትወጣ የጀልባ ፈቃድሽን አስነጥቃለሁ» አላት።

ወንዙ መሃል ሲደርሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በይ እናቴ፣ ነጋዴም፣ ሚኒስትርም፣ አምባሳደርም ሆኜ ምን እንዳደረግሁልሽ ለእንግዶቼ ንገሪያቸው» አለ።

ሴትዮዋ መቅዘፏን ሳታቋርጥ፣ «ምን ያላደረጉልኝ አለ፣ ክቡርነትዎ!» አለች። «የእርስዎ ሲሚንቶ ባይሆን ድልድዩ መች ይወድቅ ነበር? ድልድዩ ባይወድቅስ ማን በጀልባዬ ይሳፈር ነበር? ልጆቼን ያሳደግሁት በእርስዎ ነው፤ ዕድሜ ይስጥዎ!»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። 

«አንድ ልመና ብቻ አለኝ» ስትል ቀጠለች። «ወንድሜ በወንዙ ላይኛው በኩል ጀልባ ገዝቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የዚያኛው ድልድይ አልወድቅ ብሎ አስቸገረው። እባክዎ፣ ለእሱም ትንሽ ሲሚንቶ ይላኩለት።»