የሰርጉ መረብ

አንድ ባለጀልባ ነበረ፤ የሚኖረውም በባሕር ጠረፍ ባለች መንደር ነው። ጠዋት ጠዋት የመንደሩን ቆሻሻ በጆንያ ይሞላና አፉን ጥርቅም አድርጎ አስሮ ከወደቡ ወጣ ብሎ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። «ይሄ ሁሉ የት ይገባል?» ያለው ሰው እንደሆነ ይስቅበታል። «ባሕር ስንቱን የዋጠ ነው፤ የእኔን ጆንያ ያቅተዋል?» ይላል። መንደሩ ስለጸዳ ሁሉም ያመሰግነው ነበር፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ይህ ሰው የሚሳሳላት አንዲት ልጅ ነበረችው። ለአንድ መረብ ጠጋኝ ልጅ ታጨችና የሰርጉ ቀን ደረሰ። በዚያ መንደር ወግ፣ ሙሽራዪቱ ከመሸኘቷ በፊት ሁለቱ አባቶች አብረው መረብ ጥለው የያዙትን ዓሣ ከአንድ ትሪ ይቋደሳሉ። መረቡ የሚጣለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ዓሣ ካልተገኘ ሰርጉ ለከርሞ ይተላለፋል።

ከበሮው ደመቀ፤ አባቶቹ መረቡን ጣሉ። ከበዳቸው። «እሰይ!» እያሉ ሲጎትቱት አሮጌ ጎማና የፌስታል ክምር ወጣ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛውን ሲጥሉ አፉ የታሰረ ጆንያ ወጣ። አሁን የሳቀ የለም። ሙሽራዪቱ ቬሏን ወደ ፊቷ ሳበች።

መረብ ጠጋኙ ዕድሜውን ሙሉ ቋጠሮ ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ጆንያውን አገላብጦ አየው።

«ይህን አስተሳሰር የማውቀው ይመስለኛል» አለ። በጨዋነት ስም ሳይጠራም ጆንያውን ወደ ጎን አደረገው።

ባለጀልባው «ማዕበል ነው ያመጣው» ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። ግን ልጁን አያት።

«የእኔ ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሦስተኛውን ከመጣላችን በፊት እዚያ ታች የቀረውን ላውጣው፤ ጠብቁኝ።»

ይህን ብሎ ካባውን እንደለበሰ ዘሎ ገባ።

ካባው ውሃው ላይ እንደ ድንኳን ሲነፋ ሙሽራዪቱ ሳቋ አመለጣት። ከዚያማ ማን ይቅር! ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ፤ ጀልባ ያለው ጀልባውን አመጣ፤ ዘፋኞቹም እየዘፈኑ ጆንያ ሲጎትቱ ዋሉ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሦስተኛው መረብ ተጣለ። የያዘውም ጣት የምታህል አንዲት ዓሣ ነበር። ሁለቱ አባቶች አንዱ ጭንቅላቷን፣ አንዱ ጭራዋን ተካፍለው በሉ፤ ሙሽራዪቱም በእልልታ ተሸኘች።

ይህን ተረት የነገርኩህ ወድጄ አይደለም፤ አንተ ባለሆቴል ነህ። «የሆቴሌን ጥራጊ ባሕር ውስጥ ብደፋው ያን ሁሉ ውሃ ምን ይጎዳዋል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ልጄ፣ ያ ባለጀልባ አንተ ነህ፤ ባሕሩ ደግሞ የሁላችን ማዕድ ነው። የደፋነው ነገር ከዓይናችን ራቀ እንጂ ከማዕዱ አልተነሳም፤ ዓሣው ይታፈንበታል፣ ልጆቻችንም ባዶ ትሪ ይከባሉ። በል ተነስ! ጥራጊውን ጭነህ ደጄ ላይ ያቆምከውን ጋሪ ከባሕሩ ወደ ላይ አዙረው፤ ዳገቱን እኔም ከኋላ እገፋልሃለሁ።